ዘፋኝ የሌለበት ጠፈር

ቃል የሌለበትን ሙዚቃ የሚወድ ሰው ስለሚወደው ሙዚቃ ሲያወራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ዘፈን የሚወድ ሰው ስንኙን ይደግምላችኋል፤ ሰሙን ገፍፎ ወርቁን ያሳያችኋል፤ ጨዋታው እዚያ ላይ ያርፋል። ይሄኛው ግን የሚጠቅሰው ስንኝ የለውም። ስለዚህ በእጁ ይናገራል፤ በአፉ ጊታር ይመታል፤ ጠረጴዛ ይደበድባል፤ «ቆይ፣ ቆይ፣ እዚህ ጋ ስማ!» እያለ ክንዳችሁን ጨምድዶ ይይዛል። እኔ በእንዲህ ያሉ ሰዎች እጅ የወደቅሁት ሲያትል ውስጥ ታክሲ እየነዳሁ ነው። እነሱን የያዘው ነገር እኔንም ይዞኝ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ነገሩ የጀመረው ከሲታክ አየር ማረፊያ ወደ ታኮማ ባሳፈርኳቸው አንድ አዛውንት ነው። ቦይንግ ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሻንጣቸውን ለማንም የማይሰጡ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ወሩ ኅዳር ነው፤ ወደ ደቡብ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከዳር እስከ ዳር ተዘግቷል፤ ዝናቡ መስታወቱን ይገርፋል። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ ከስልካቸው ሙዚቃ ቢያሰሙኝ ቅር ይለኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። «ደስ ይለኛል ጌታዬ» አልኳቸው። ተሳፋሪ የሚያሰማኝ ሙዚቃ ብዙ ጊዜ ጆሮዬ ዳር ደርሶ ይመለሳል። ይሄኛው አልተመለሰም። መጀመሪያ ከበሮ ገባ፤ ከዚያ ከሩቅ፣ ግድግዳ ከሌለው ቤት የሚመጣ የሚመስል ጊታር መጣ፤ ከጊታሩ ኋላ ደግሞ አንድ ነገር ያቃስታል። የሰው ድምፅ አይደለም፤ የእንስሳም አይደለም።

ዘፋኙ መቼ ይገባል ብዬ ጠበቅሁ። አልገባም። ሁለተኛው ሙዚቃ ተጀመረ፤ አሁንም ዘፋኝ የለም። አዛውንቱ ግን የቅድሙ ሰው መሆናቸው ቀርቷል። ወደ ፊት ተስበው የመቀመጫዬን መደገፊያ ይዘው፣ «አሁን ሞተሩ ተነሣ... መሬት ለቀቀች... ይኼ ጭሱ ነው... አሁን ሞተሩ ጠፋ፤ ዝም ብላ ትንሳፈፋለች» እያሉ መንኮራኩሯን እሳቸው ያበሯታል። ሸክላው እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው «ዘ ቬንቸርስ ኢን ስፔስ» መሆኑን፣ ያኔ እሳቸው ልጅ ሆነው በታላቅ ወንድማቸው ክፍል ወለል ላይ በጀርባቸው ተኝተው ይሰሙት እንደነበር ነገሩኝ። ቤታቸው ደጃፍ ስንደርስ ቆጣሪውን አጠፋሁ። አልወረዱም። «ይህቺ ትለቅና» አሉ። አለቀች። «ይህቺኛዋም።» ባለቤታቸው በር ከፍተው በረንዳው ላይ ቆሙ፤ ሁኔታውን አይተው፣ ለምደውታል መሰል፣ በሩን ገርበብ አድርገው ተመልሰው ገቡ።

እኔ ያደግሁት ቃል በሚደመጥበት ቤት ነው። አባቴ ራዲዮ ሲከፍቱ የሚጠብቁት ቃሉን ነበር፤ ዘፋኙ አንድ ስንኝ ሲያሳምር ሲኒያቸውን አስቀምጠው «ይበል!» ይላሉ። ዘፋኝ የሌለበትን ክላሲካል እንለዋለን። ክላሲካል ዜና እስኪደርስ የተረፈችው ደቂቃ መሙያ ነው፤ የሠርግ ፊልም ማጀቢያ፣ የሆቴል ምሳ ሰዓት ነው። እሱ ሲጀምር ሰው ወሬውን ይጀምራል። እንዲያ ሲባክን የኖረው ሙዚቃ ስንት እንደሆነ አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል። እነ ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጡትን «ቸ በለው»ን የመሰለ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቀምጠው ሊያደምጡት የሚገባ ሥራ የነበረን ሰዎች ነን።

ደግሞ የሚገርመው፣ ያን የጠፈር ሸክላ የሠራው የቬንቸርስ ባንድም ዕጣ በዚያው በዜና በር ነው ያለፈው። የባንዱ መሥራቾች፣ ዶን ዊልሰንና ቦብ ቦግል የሚባሉት ሁለት ወጣቶች፣ የተገናኙት እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ዊልሰን አባቱ ያገለገለ መኪና በሚሸጥበት ቦታ ይሠራ ነበር፤ ቦግል መኪና ሊገዛ መጣ። ሁለቱም ግንበኞች ሆነው አብረው ሠሩ፤ ታኮማ ውስጥ ከአንድ የመያዣ ዕቃ መሸጫ ርካሽ ጊታር ገዝተው ከሥራ መልስ ይለማመዱ ጀመር። የሚያሳትማቸው ሲያጡ የዊልሰን እናት ጆሲ ዊልሰን የራሳቸውን አሳታሚ ድርጅት አቋቁመው ሸክላቸውን አወጡላቸው። «ዎክ፣ ዶንት ረን» የተባለውን ሙዚቃ ሲያትል ያለው የኬጄአር ራዲዮ ሰው ፓት ኦዴይ ከዜናው ጋር አያይዞ ያሰማው ነበር። ሕዝቡ እንደኛ ሰው ዜናውን ብቻ ሰምቶ ዝም አላለም፤ ያ ሙዚቃ የማን ነው እያለ ስልክ ደወለ። በ1960 ክረምት ሙዚቃው በመላው አሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ወጣ። የዜና ማያያዣ ሆኖ የመጣን ነገር አድማጭ በጉልበቱ ከፍ አደረገው ማለት ነው። ይህን ያነበብኩ ዕለት ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ይህን የመሰለው የጊታር ሙዚቃ ሰርፍ፣ የማዕበል ተንሸራታቾች ሙዚቃ፣ ይባላል፤ ሀገሩ ግን ታኮማ አይደለም። ታኮማ ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ ማዕበል ላይ የሚንሸራተት ሰው ለማየት ወደ ደቡብ ካሊፎርኒያ መውረድ ያስፈልጋል። እዚያ፣ ባልቦዋ በሚባል የባሕር ዳር መንደር፣ ራንዴቩ በተባለው የዳንስ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1961 ዲክ ዴል የጊታሩን ክር ከላይም ከታችም በፍጥነት እየደበደበ ወጣቱን ያስጨፍር ነበር። የአባቱ ዘር ከሊባኖስ ነው፤ ልጅ ሆኖ ከአጎቱ የዐረብ ከበሮ አመታት ተምሯል። በ1962 ያወጣው «ሚዝርሉ» የምሥራቅ ሜዲትራኒያን ሰዎች በየሠርጉ ሲጨፍሩበት የኖሩት ዜማ ነው። ስለዚህ ይህ ሙዚቃ የካሊፎርኒያ ነው ሲባል አንድ እግሩ ወደ እኛ አካባቢ ተዘርግቶ እንደነበር ማወቅ ደግ ነው።

ታዲያ ከባሕር ወደ ጠፈር ምን አወጣው? ብዙ ሰው ዘመኑ ነው ይላል፤ እውነት አለው። ስፑትኒክ በ1957 ወጣች፤ ቴልስታር የተባለችው የመገናኛ ሳተላይት በሐምሌ 1962 ተወነጨፈች፤ በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ ጆ ሚክ የሚባል ሰው ከቆዳ ዕቃ ሱቅ በላይ ባለ መኖሪያው «ቴልስታር» የሚለውን የቶርናዶስ ባንድን ሙዚቃ ቀርጾ በእንግሊዝም በአሜሪካም አንደኛ አደረገው። ሲያትል ራሷ ያን ዓመት የዓለም ኤግዚቢሽን አዘጋጅታ፣ 184 ሜትር ቁመት ያለውን ስፔስ ኒድል ተክላ፣ የሶቭየቱን ጠፈርተኛ ጀርማን ቲቶቭንና የአሜሪካውን ጆን ግሌንን ሁለቱንም አስተናግዳለች። ከታኮማ የወጣ ባንድ ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ ባያይ ነበር የሚገርመው። እስካሁንም ከስፔስ ኒድል ሥር ያለው ቤተ መዘክር ጊታርንና ሳይንሳዊ ልብወለድን በአንድ ጣሪያ ሥር ይዟል፤ እንግዶችን እዚያ ሳደርስ ሁለቱ ነገሮች ለምን አንድ ቤት ውስጥ እንደገቡ የሚጠይቀኝ ሲገኝ ደስ እያለኝ እመልስለታለሁ።

እኔ ግን ምክንያቱ ከዘመኑ ይልቅ ከድምፁ ነው ባይ ነኝ። ፌንደር የተባለው የጊታር ሠሪ ቤት እ.ኤ.አ. በ1961 ለብቻው ሳጥን አድርጎ ያወጣው ሪቨርብ የሚባል መሣሪያ አለ። ውስጡ የተዘረጉ ቀጫጭን የብረት ጥቅልሎች፣ የድሮ ሶፋ ሲቀደድ ብቅ የሚለውን ስፕሪንግ የሚመስሉ ናቸው። የጊታሩ ድምፅ በአንዱ ጫፍ ገብቶ ጥቅልሉን ያንቀጠቅጠዋል፤ እንቅጥቅጡ ሄዶ ይመለሳል፤ እንደገና ይሄዳል፤ በሌላው ጫፍ ተለቅሞ ከዋናው ድምፅ ጋር ይደባለቃል። የሰው ጆሮ ደግሞ የቤትን ስፋት የሚለካው በድምፅ ምላሽ ነው፤ ግድግዳው ቅርብ ከሆነ ምላሹ ቶሎ ይመጣል፤ ሩቅ ከሆነ ይዘገያል። ይህ ሳጥን የሌለ ግድግዳ ይሠራል። ጆሯችን ጊታሩን የት እንደሚያስቀምጠው ይቸግረዋል፤ ከማናውቀው ስፋት ውስጥ ያኖረዋል። አንዱ ያን ስፋት ባሕር አለው፤ ሌላው ጠፈር አለው። ሙዚቃው ገና ስም ሳይወጣለት ርቀትን ይናገር ነበር።

ቃል ቢኖረው ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። ዘፋኝ ገብቶ ስለ ጨረቃ ቢዘፍንልን የምንሰማው የዘፋኙን ጨረቃ ነው። እዚህ የተሰጠን ርዕስ ብቻ ነው፤ የሳተላይቶች ጦርነት፣ አራተኛው ልኬት፣ አልተመለሰም። የቀረውን አድማጩ ይሠራዋል። እንዲህ ያለ ሸክላ የሚወድ ሰው ልቡ እስኪወልቅ የሚወደው ለዚህ ይመስለኛል፤ ግማሹን የሠራው እሱ ነው። ጃፓንን ተመልከቱ። ቦግልና ዊልሰን በ1962 ለመጀመሪያ ጊዜ ሄዱ፤ በ1965 ባንዱ ተሟልቶ ሲመለስ ወጣቱ ለኤሌክትሪክ ጊታር አበደ፤ የጃፓን መንግሥት በ2010 ለቬንቸርስ የፀሐይ መውጫ ኒሻን ሰጠ። አስተርጓሚ አላስፈለገም።

እንግዲህ እኔም ሸክላውን ፈለግሁ። ስልክ ላይ እያለ ሸክላ ምን ያደርጋል ላላችሁኝ፣ አዛውንቱ የሰሙበትን ወለል ፈልጌ ነው። አሮጌ ሸክላ የሚሸጥበትን ቤት ሁሉ ተመላለስኩበት። በመጨረሻ ታኮማ ውስጥ የአንድ ሟች ቤት ዕቃ ሲሸጥ፣ ጋራዥ ውስጥ ከተደረደሩ ሳጥኖች መሐል ሽፋኑን አየሁት። እጄ ተንቀጠቀጠ። ዋጋውን ከፍዬ፣ መኪና ውስጥ የጀርባውን ጽሑፍ አነበብኩ፤ ያ ሁሉ የሌላ ዓለም ድምፅ በሙዚቃ መሣሪያ እንጂ በኤሌክትሮኒክ ዘዴ የተፈጠረ እንዳልሆነ ይናገራል። ያቃስት የነበረው ነገር ሬድ ሮድስ የተባለ ሰው በፔዳል የሚጫወተው ስቲል ጊታር ኖሯል። ሰው በእጁ ያወጣው ድምፅ ነው ማለት ነው! ለሚስቴ ደውዬ ይህን ስነግራት «እሱን ለመንገር ነው የደወልከው?» አለች። አዎን፣ እሱን ለመንገር ነበር።

ቤት ገብቼ ሸክላውን ከሽፋኑ ሳወጣው የገና መዝሙር ሆኖ ተገኘ። የልጆች መዘምራን።

በማግስቱ ተመለስኩ። ዕቃውን የምትሸጠው የሟቹ ልጅ ናት፤ ሽፋኑን አይታ ፊቷ ላይ ሳቅም እንባም መጣ። «አባቴ ሸክላዎቹን ሽፋን አልባ ነበር ይዟቸው የሚሄደው» አለችኝ፤ «ሽፋኑ በዝናብ እንዳይበላሽ።» ጓደኞቹ በየወሩ ከከተማው ወጣ ባለ ቦታ በአንዱ ጋራዥ ይሰበሰባሉ፤ ሸክላው እዚያ እንዳለ እርግጠኛ ነች። አድራሻውን ጻፈችልኝ። ገንዘቤን ልትመልስልኝ ስትል እምቢ አልኳት፤ ለኀዘኗም እግዜር ያጽናሽ ብያት ወጣሁ። አሁን ጉዳዩ ከመግዛት አልፏል፤ ሽፋኑን ከሸክላው ጋር ማገናኘት የእኔ ሥራ ሆነ።

የስብሰባው ምሽት ነፋስ ተነሣ። በዚህ አካባቢ የኅዳርና የታኅሣሥ ነፋስ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መሬቱ በዝናብ ርሷል፣ ጥዶቹ ረጃጅም ናቸው፣ ሥራቸው ግን አይጠልቅም። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ግንድ ወድቆ መኪኖች ተሰልፈዋል። በጫካ ውስጥ በሚያልፈው ጠባብ መንገድ ዞርኩ። እዚያም ቅርንጫፍ ለመሸሽ ወደ ዳር ስወጣ የቀኝ ጎማዬ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ። ወደ ፊት ብል፣ ወደ ኋላ ብል አልነቃነቅ አለ። ስልኩ ሲግናል የለውም። ሽፋኑን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ከጃኬቴ ሥር አደረግሁና በእግር ተነሣሁ። ነፋሱ በጥዶቹ ጫፍ ላይ ሲያልፍ የሚያወጣው ድምፅ የሬድ ሮድስ ስቲል ጊታር ነው፤ ያን ምሽት ከፍርሃቴ ይልቅ ያንን ድምፅ አስታውሳለሁ። እስከ አጥንቴ ረጥቤ የጋራዡን በር አንኳኳሁ።

ሲከፈት ሞቅ ያለ ብርሃን፣ የቡና ሽታ፣ ግድግዳውን የሞላ ሸክላ፣ ዙሪያውን የተቀመጡ ሰዎች። አንድ የማያውቁት ጥቁር ሰው ውሃ እየተንጠባጠበ ከጃኬቱ ሥር ሽፋኑን ሲያወጣ ሁሉም ተነሡ። ማንም ስለ እኔ አልጠየቀም። ሽፋኑን ተቀባበሉት። «የእሱ ነው» አለ የቤቱ ባለቤት፤ ጥጉ ላይ የነበረችውን የቡና ጠብታ አሳየን። ከዚያ ፎጣ፣ ካልሲ፣ ሹራብ፣ ትኩስ ሾርባ መጣልኝ። ሸክላው የማን ይሁን የሚለው ወዲያው አለቀ፤ ሽፋኑ እዚያው ይቀራል፣ እኔም በየወሩ እመጣለሁ።

ከመሐላቸው ረጅም፣ ጆሯቸው ላይ የመስሚያ መሣሪያ ያደረጉ ሽማግሌ ቀርበው «ከመይ ኣለኻ?» አሉኝ። በትግርኛ! በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ አሥመራ በኢትዮጵያ ሥር በነበረችበት ዘመን፣ ቃኘው ጣቢያ ያገለገሉ የአሜሪካ ጦር ሰው ነበሩ። እዚያ ስቶንሃውስ የሚባል ክፍል ነበር፤ ሁለት ግዙፍ ሳሕኖች፣ አንደኛው 46 ሜትር ገደማ፣ ሁለተኛው 26 ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው፣ ሶቭየቶች ወደ ጨረቃ፣ ወደ ቬኑስና ወደ ማርስ የሚልኳቸው መንኮራኩሮች የሚያስተላልፉትን ምልክት የሚጠልፉ። ምስጢርነቱ ቆይቶ ተነሥቷል። «እኔ እውነተኛውን ጠፈር ሰምቼዋለሁ» አሉኝ ሽማግሌው። «ፉጨትና ፍርፍርታ ነው። ምንም አይልም። ከሥራ ወጥቼ ወደ መኝታዬ ስሄድ ይህን ሸክላ አጫውታለሁ፤ ያኔ ነው ምን ስሰማ እንደዋልኩ የሚገባኝ።» በዚህ ነገር ላይ ለረጅም ጊዜ አስቤበታለሁ። ያኔ የአገሬ አካል ከነበረ ደጋ ላይ ሆኖ ወደ ቬኑስ ጆሮውን የቀሰረ ወጣት ወታደር የሰማው ነገር ምን እንደሆነ ያስረዱት ከታኮማ የመጡ ግንበኞች ናቸው።

ክርክሩ ማብቂያ የለውም። ከሳን ዲየጎ የመጣ አንድ ሰው ቬንቸርስ ሰርፍ አይደሉም ይላል፤ ሰርፍ የጨው ውሃ የቀመሰ ሰው ሙዚቃ ነው። አንዲት ነርስ ደግሞ የእነዚህን ወራሾች፣ ከአላባማዋ ኦበርን የተነሡትን የማን ኦር አስትሮ-ማን ባንድ ሰዎች ካላነሣን አትቀመጥም። ከጠፈር መጥተን መንኮራኩራችን ተከስክሶ ነው እዚህ የቀረነው የሚሉ፣ መድረኩን በአሮጌ ቴሌቪዥን የሚሞሉ፣ የመብረቅ ብልጭታ የሚተፋ የቴስላ ጥቅልል የሚያቆሙ ሰዎች ናቸው። በ2000 ያወጡት ሥራ ውስጥ የድሮ የኮምፒውተር ማተሚያ ጩኸት ብቻውን ሙዚቃ ሆኖ ገብቷል። እሷ ይህን ስትናገር ቆማ ማተሚያውን በእጇና በጥርሷ ሠራችው፤ ጭንቅላቱ ከቀኝ ወደ ግራ ሲመላለስ አየሁት። የቤቱ ባለቤት በበኩሉ የሪቨርቡን ሳጥን ከፍቶ ጥቅልሎቹን አሳየኝና በጉልበቱ መታ አደረገው፤ ከድምፅ ማጉያው የወጣው ነጎድጓድ ከውጭው ማዕበል አይለይም።

ከዚያ ሸክላውን አስቀመጡት። በዚህ ጊዜ ወሬው ሁሉ ተቆረጠ። አንዳንዱ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሽማግሌው የመስሚያ መሣሪያቸውን አስተካከሉ። በሕይወቴ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ እንዲህ ያለ አደማመጥ አላየሁም። የመጀመሪያው ገጽ አለቀ፤ ማንም አልተናገረም፤ ተገለበጠ። ሁለተኛው ገጽ መሐል ላይ፣ ጊታሩ እየወጣ፣ እየወጣ ሄዶ ጫፍ ሊደርስ ሲል መብራት ጠፋ።

ሸክላ ወዲያው አይቆምም። ሳሕኑ እየደከመ ሲዞር ሙዚቃው እየወፈረ፣ እየዘገየ፣ እያቃሰተ ወረደና ጸጥ አለ። እኔ መብራት ሲጠፋ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ የምጠብቀው ኩራዝ ወይም ስልክ ነበር። ክብሪት የጫረ የለም። በጨለማው ውስጥ አንድ መዳፍ ጠረጴዛ መታ፤ ከበሮው ካቆመበት ላይ፣ ያለ አንዲት ምት ጉድለት። ሁለተኛ ሰው በጉሮሮው ቤዙን ያዘ። ነርሷ የመሪ ጊታሩን ዜማ በጥርሷ መሐል አስገባችው፤ የሳን ዲየጎው ሰው፣ ሰርፍ አይደለም ባዩ፣ የምት ጊታሩን ለአፍታ ሳይስት አጀባት። ሽማግሌው ያንን የሚያቃስተውን ድምፅ ወሰዱ። ያቋረጠውን ሙዚቃ ጨረሱት። ቀጥሎ ያለውን ጀመሩ። በሁለቱ መሐል ያለችውን ጸጥታ እንኳ በልካቸው ያውቋታል፤ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ገቡ። ገጹን እስከ መጨረሻው አደረሱት። እኔ እጄ ጉልበቴ ላይ እየመታ እንደነበር ያወቅሁት ሲያበቃ ነው።

ከዚያ በኋላ ማንም ወደ የትም ሊሄድ አልቻለም፤ መንገዱ ተዘግቷል፤ የእኔም መኪና ጭቃ ውስጥ ናት። አንድ የእጅ ባትሪ በራ። የቃኘው ሽማግሌ ወደ እኔ ዞረው፣ «የእናንተስ? ዘፋኝ የሌለው የላችሁም?» አሉኝ።

ስልኬ ውስጥ «ሙዚቃዊ ስልት» አለ፤ የዋልያስ፣ ኦርጋኑ ላይ ኃይሉ መርጊያ ያሉበት። እኒህ ሰው አሜሪካ ቀርተው ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ሲነዱ፣ አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ ኪቦርዳቸውን ከመኪናው አውጥተው ይለማመዱ ነበር፤ በ2013 አሮጌ ሥራቸው እንደገና ታትሞ ዓለም መድረክ ላይ የመለሳቸው አድማጭ ነው። ይህን ነገርኳቸውና ስልኩን ባዶ ባልዲ ውስጥ አቆምኩት፤ ድምፁ ጎላ አለ። ቤዙ ገባ፤ ነሐሱ ገባ፤ ኦርጋኑ ተጠማዘዘ። ራዲዮ ላይ ስንት ጊዜ ወሬ ያወራሁበት ዜማ ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቁጭ ብዬ የሰማሁት ግን ያን ምሽት ነው፣ ከማያውቁት ሰዎች ጋር።

ሲያልቅ የቤቱ ባለቤት፣ «ይኼ ሳተርን ነው፤ ቀለበቱን አልሰማህም? ያ የሚመላለሰው ቤዝ ቀለበቱ ነው» አለ። ነርሷ አልተስማማችም፤ ነሐሱ ላይ አቧራ አለ፣ ማርስ ነው አለች። ሽማግሌው ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፣ ይህ ከአሥመራ ወደ ምፅዋ የሚወርደው መንገድ ነው፣ በሌሊት፣ ፍሬኑ በማያስተማምን አውቶቡስ አሉ። እኔ ደግሞ ዓባይ በረሃ ነው ብዬ ተነሣሁ፤ ኦርጋኑ ሲታጠፍ ጎሐ ጽዮን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር መሆኑን በእጄ አሳየኋቸው። «የት ላይ? የትኛው መታጠፊያ?» ብላ ነርሷ ክንዴን ያዘች። «ቆይ፣» አልኳት፣ «ከመጀመሪያው ላስጀምረው።»